ደኑ ውስጥ ሰው አለ

ስለ ደን በሚሠሩ ዜናዎች ውስጥ አርሶ አደሩ ብዙውን ጊዜ የሚታየው መጥረቢያ ይዞ ነው። ዜናው «በሕገወጥ የደን ጭፍጨፋ ምክንያት» ብሎ ይጀምራል፤ መሐል ላይ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ ችግኝ ይተከላል። አርሶ አደሩ ራሱ አይናገርም። ቢናገርም «ግንዛቤ አግኝቻለሁ» ብሎ ነው። እኔ የተወለድኩትና ያደግኩት ካፋ ዞን፣ ጊምቦ ወረዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ገበሬ ደን አጥፊ ከሆነ ደኑ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?

በዚህ ጽሑፍ ለማለት የፈለግኩት ባጭሩ እንዲህ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሰው የሌለበት ጫካ አይደለም፤ የቤተሰብ እርሻ ነው። የሚቆየውም ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ቤተሰቡ በደኑ ላይ ያለው መብት ሲረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው ዛፍ የተሻለ ሲያበላው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የደን ጠባቂውም፣ መንገድ ዳር የተተከለው ማስጠንቀቂያም፣ የችግኝ ዘመቻውም ብቻቸውን አያድኑትም።

እርሻው የቱ ነው?

ጤፍና ስንዴ ከሚታረስበት አገር ለመጣ ሰው እርሻ ማለት በበሬ የተገለበጠ መሬት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቦንጋ ሲመጣ ከመኪናው መስኮት የሚታየው ጫካ ብቻ ነው። «እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ይኖራሉ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እርሻው ግን እዚያው ፊቱ ላይ ነው።

ከቤቱ ዙሪያ እንሰት አለ። ከእንሰቱ አጠገብ ጎመኑና ጎደሬው። ከዚያ ቀጥሎ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ይመጣል። ቡናውን አልፈው ሲሄዱ ደኑ እየጠቆረ ይሄዳል፤ እዚያ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል፣ ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቀላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቡና ይለቀማል፤ ዋናው ክረምት ከመክበዱ በፊት ማር ይቆረጣል፤ እንሰቱ ዓመቱን ሙሉ አለ። እናቴ «ቡና ለልብስ፣ እንሰት ለሆድ» ትላለች። ቡናው ዋጋ ባጣበት ዓመት ማሩ ይተካል፣ ማሩ በጠፋበት ዓመት ኮረሪማው ይደርሳል። ኮረሪማውንና ጥምዙን አድርቀው ገበያ የሚያወጡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የእኔ የትምህርት ቤት ደብተር ብዙ ጊዜ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚህ አስተራረስ ዛፍ እንቅፋት አይደለም። ቡናው ጥላ ይፈልጋል፣ ንቡ አበባ ይፈልጋል፣ ኮረሪማው እርጥበትና ጥላ ይፈልጋል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ፀሐይ ስለሚፈልግ ዛፉን ያነሳል፤ የእኛ ገበሬ ዛፉን የሚያቆየው የተሻለ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ዛፉ የእርሻ ዕቃው ስለሆነ ነው።

ሥርዓትም ነበረው፤ አሁንም አለው። በካፋና በሸካ «ኮቦ» የሚባል ነገር አለ። ኮቦ ማለት አንድ ቤተሰብ ወይም ጎሳ ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ወሰኑ የሚታወቅ የደን ይዞታ ነው። ወሰኑ ካርታ ላይ ባይሰፍርም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሰው ኮቦ ገብቶ ቀፎ የሰቀለ ወይም ዛፍ የጣለ ሰው ለሽማግሌ ይከሰሳል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? ኮቦ ለጫካው ባለቤት ሰጠው።

ታዲያ ደኑን ማን አሳነሰው?

ደኑ አልቀነሰም እያልኩ አይደለም። በጣም ቀንሷል። በሳተላይት ምስል የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከደቡብ ምዕራብ ደጋማ አካባቢዎች 40 በመቶ የሚጠጋው በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ነበር። በ1997 ይህ ወደ 18 በመቶ ገደማ ወርዷል። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ተደረገ? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ አውጥቷል፤ በዚያው ግን እንደ ኮቦ ያሉት ልማዳዊ ይዞታዎች በሕግ ፊት ዋጋ አጡ። እንደ ቤበቃና ቴፒ ያሉ የመንግሥት የቡና እርሻዎች፣ እንደ ውሽውሽና ጉማሮ ያሉ የሻይ ልማቶች ደን በነበረበት አካባቢ ተስፋፉ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ከሰሜን ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ። ሰፋሪው አልጠፋም፤ ከሞት የተረፈ ወገን ነው። ነገር ግን የሚያውቀው በሬና እህል ነበር፤ ጫካ መሐል አስፍረው በሬና ማረሻ ሲሰጡት ጫካውን አነሳ። እንግዲህ ደኑ ከቀነሰባቸው ምክንያቶች ትልልቆቹ የተወሰኑት ቢሮ ውስጥ ነው። ዜናው ላይ መጥረቢያ የያዘው ግን ገበሬው ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህን ስል ገበሬው ዛፍ አይቆርጥም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይቆርጣል። አምስት ወንድ ልጅ ያለው አባት መሬቱን ለአምስት ሲያካፍል የሚደርሰው ቁራሽ ነው፤ ያችን ቁራሽ ለማስፋት ወደ ደኑ ይገፋል። ማገዶ ያስፈልጋል፣ ቤት ይሠራል። ከሰል አክስሎ ለከተማ የሚሸጥም አለ። ሕዝብ በዝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥያቄው ግን የበዛው ሕዝብ ከደኑ ጋር በምን ውል ይኑር የሚል ነው። «ከደኑ ይውጣ» የሚለው መልስ አይደለም። የት ይውጣ?

መብት

ቦንጋ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር የተባለ አሠራር ተሞክሯል። ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር የጀመሩት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የአካባቢው ነዋሪ ይደራጃል፣ የደኑ ወሰን ከነዋሪው ጋር በእግር እየተዞረ ይለያል፣ ከዚያ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል። ማኅበሩ ይጠብቃል፤ በምላሹ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን ይጠቀማል። ከኮቦ ጋር ሲያዩት ብዙም አዲስ ነገር የለውም። አዲሱ ነገር ማኅተሙ ነው።

ማኅተሙ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን ለጎን የማኅበረሰብና የማኅበር ደን የሚባል ባለቤትነት እንዳለ እውቅና ሰጠ። ከዚያ በፊት የማኅበሩ ውል ሁኔታው ሲመቻች የሚከበር፣ ባለሥልጣን ሲቀየር የሚረሳ ዓይነት ነበር። አሁን የሚቆምበት ሕግ አለው። የሚቀረው ሥራ ሕጉን ቀበሌ ድረስ ማውረድ ነው። አንድ ባለሀብት «ባዶ መሬት» ተብሎ ጫካ ሲሰጠው፣ የዚያ ቀበሌ ማኅበር የሚያሳየው ወረቀት በእጁ ከሌለ አዋጁ ለእርሱ የለም ማለት ነው።

ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ካፋንና ያዩን፣ በ2012 ሸካን፣ በ2017 ማጃንግን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቧቸዋል። ካፋው ብቻውን ወደ 760 ሺሕ ሄክታር ይደርሳል። ስሙን የሰማ ሰው ታጥሮ የተዘጋ ፓርክ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። መሐሉ የማይነካ ክፍል አለ፤ በዙሪያው በልክ የሚጠቀሙበት ክፍል፤ ከዚያ ወጣ ብሎ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት። አሠራሩ ራሱ ሰውን ከነእርሻው የቆጠረ ነው። ዓለም የመዘገበውን ሰው እኛ ዜናችን ውስጥ ለምን እንደምናወጣው አይገባኝም።

ዋጋ

መብት ብቻውን ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን እፈራለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከተፈጥሮ ደን የሚለቀም ቡና በሄክታር የሚሰጠው ምርት ከጓሮ ቡና በጣም ያንሳል። ገበሬው ምርቱ እንዲጨምር ከፈለገ መንገዱ አንድ ነው፤ ሥር ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥላውን ያሳሳል፣ ቡና ይተክላል። ትልልቆቹን ዛፎች አይነካም። ከላይ ሲያዩት ደኑ እንዳለ ነው። ነገር ግን ከሥር የተመነጠሩት ቁጥቋጦ ብቻ ሳይሆኑ የነገዎቹ ዛፎች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ደኑ ማንም ሳይጨፈጭፈው፣ ቆሞ እያለ ያረጃል። ይህ ለካሜራ አይመችም፤ የወደቀ ግንድ የለ፣ ጭስ የለ።

ገበሬው ይህን ያውቃል። ታዲያ ለምን ያደርገዋል? ቡናውን በጥንቃቄ ከጥላ ሥር ለቅሞ ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርስ፣ ከጫካ የመጣውም ከጓሮ የመጣውም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ዋጋውም አንድ ነው። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ኤክስፖርት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ውስጥ ጥላውን ላቆየው ገበሬ ለጥላው ተብሎ የተከፈለው ስንት ነው? እንደ ካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ያሉ ማኅበራት ቡናውን በስሙ ለይተው ለመሸጥ የቆሙ ናቸው፤ መንገዱም ይኸው ይመስለኛል። ከማኅበር ውጭ ያለው ገበሬ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ይሸጣል። ልጅ ታሟል፣ መዋጮ ደርሷል፤ ትርፍ ክፍፍል እስኪመጣ የሚጠብቅ ኪስ የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበት ቦታም ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ዓላማው ጥሩ ነው። አንድ ሺሕ ሄክታር ያለው ባለሀብት ግን ቦታውን በአንድ ቀን ያስመዘግባል። ያንኑ ያህል ቡና የሚያመርቱት ብዙ መቶ ቤተሰቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ተፈልጎ መለካት አለበት። ወጪውን ማን ይሸፍናል? ገዢው ካልሸፈነ፣ መንግሥትም ካልሸፈነ፣ ለደን ተብሎ የወጣው ሕግ ደኑን ያቆየውን ገበሬ ከገበያ አስወጥቶ ደን መንጥሮ ቀድሞ የጨረሰውን እርሻ ሊጠቅም ይችላል።

አንድ የሩቅ ምሳሌ

መብትና ዋጋ ሁለቱም ያስፈልጋሉ የምለው ከራሴ አገር ብቻ ተነስቼ አይደለም። የብራዚል አማዞን ውስጥ አክሬ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ ከዛፍ ላይ የጎማ ወተት እየቀዱ፣ ለውዝ መሰል የጫካ ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ እኛ ኮቦ የሚታወቅ የጫካ መንገድና የራሱ ዛፎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከብት አርቢ ባለሀብቶች ጫካውን ለግጦሽ ሊመነጥሩ ሲመጡ፣ እነዚህ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው በመጋዙ ፊት ቆሙ። መሪያቸው ቺኮ ሜንዴስ በታኅሣሥ 1988 በገዛ ቤቱ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በስሙ የሚጠራ ጥብቅ ደን ተከለለ። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ የመጠቀም መብቱ ግን ለቤተሰቦቹ ተሰጠ።

መብቱ ተገኘ። ዋጋውስ? የጫካ ጎማ ዋጋ ወደቀ። የቀድሞዎቹ ጎማ ቀጂዎች ልጆች ቀስ በቀስ ከብት ማርባት ጀመሩ፤ አባቶቻቸው ሕይወት የገበሩለት ደን ውስጥ ግጦሽ ተስፋፋ። እነዚህ ልጆች ግንዛቤ አነሳቸው እንበል? የቺኮ ሜንዴስ ጎረቤቶች ልጆች እኮ ናቸው። የጎደላቸው የገበያ ዋጋ ነው።

ወንድሜ የጠየቀኝ

ባለፈው ክረምት ቤት በሄድኩ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ከአባታችን የደረሰው ቡና በጥላ ሥር ያለ ነው። ጎረቤቱ የራሱን ቡና ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። ወንድሜ ሦስት ልጆች አሉት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ፣ «ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ተወው ካልሽኝ ግን ማን እንደሚከፍለኝ አብረሽ ንገሪኝ።»

ስለ አየር ንብረት ልነግረው እችል ነበር። እርሱ ግን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ዝናቡ መቼ ይመጣ እንደነበርና አሁን መቼ እንደሚመጣ የሚቆጥረው እርሱ ነው። ስለ ቡና ዝርያም ልነግረው እችል ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ቡናውን ሲፈጅ፣ በሽታውን የሚቋቋሙት እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች የተመረጡት ከኢሉባቦር አካባቢ ቡና ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ዓይነት ቡና ቆሞ ባይገኝ ኖሮ ከየት ይመረጥ ነበር? ለሚቀጥለው በሽታ የሚሆነው መድኃኒትም ምናልባት ወንድሜ መሬት ላይ ቆሞ ይሆናል። ይህ ለአገርም ለዓለምም የሚጠቅም ነገር ነው። ግን የዓለምን የዘር መጋዘን የሚጠብቅ ሰው የጥበቃ ደመወዝ የለውም። ወንድሜ ያለኝ ይህንኑ ነው። እስከሚቀጥለው ለቀማ እንደሚያየው ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ቢቆርጠውም ደን ጨፍጫፊ ብዬ ልጽፍበት አልችልም።

ለእኛስ ምን ይሁን?

ውድ የትምህርት ክፍላችን አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ያነሳሁት ነገ ዜናውን የምንሠራው እኛ ስለሆንን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ያለውን ጊዜ የቤተሰብ እርሻ አሥርት ብሎ ሰይሞታል። አሥርቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ የቤተሰብ እርሻ የሚለውን ቃል በዜናችን ውስጥ ስንት ጊዜ ሰማነው?

በሚመጣው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ስለ ደን የሚሠራ ካለ፣ ከሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ቢጀምር እላለሁ። ይህ ደን በሕግ የማን ነው፣ በልማድስ የማን ነው? ባለፈው ዓመት ከዚህ ደን የወጣው ቡናና ማር በስንት ተሸጠ፣ ለማን? ዛፉ ቢቆረጥ ማን ይጠቀማል፣ ቢቆምስ ማን ይከፍላል? ጥያቄዎቹን ኃላፊውም ይመልሷቸው፤ ገበሬውም ይመልስ። ሴቲቱም ትመልስ፤ ኮረሪማው የት እንደሚበቅል የምታውቀው እርሷ ናትና። መልሶቹ ከተጋጩ ደግሞ ዜናው እዚያ ላይ ነው።

መምህራኖቻችንም የልማት ጋዜጠኝነትን ሲያስተምሩን «ችግኝ ተተከለ» የሚለውን ዜና በምሳሌነት ከሚሰጡን ይልቅ፣ የተተከለው ችግኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለበትንና መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቀን እንድንመጣ ቢልኩን ደስ ይለናል።

ደን በመፈክር አይቆይም። በካፋና በሸካ እስከ ዛሬ የቆየው በሥሩ እየኖረ የበላበት ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው መብቱ በወረቀት፣ ድካሙ በዋጋ ከተከበረለት ነገም ያቆየዋል። ካልተከበረለት ግን ደኑ ሲያልቅ ዜና እንሠራለን፤ ያን ጊዜ የምንጠይቀው የደን ገበሬ አይኖርም።